የሐምሌ ሠርግ

ድሮ ሠርግ በጥር ነበር። እህሉ ጎተራ ከገባ፣ መንገዱ ከደረቀ በኋላ ሰው ተዝናንቶ ይዳር ነበር። ዛሬ ቆላ ውስጥ በጥር የሚያገባ ሰው ካለ ወይ ሞኝ ነው፣ ወይ እውነተኛ ፍቅር ይዞታል። ሠርግ በሐምሌ ሆኗል። ለምን እንደሆነ ለመናገር ከቧንቧው መጀመር ይኖርብኛል።

ቧንቧው በእህቴ በየውብዳር ጓሮ ያልፋል። ከምዕራብ፣ ከአረንጓዴዎቹ አገር ተነስቶ የእኛን ደጋ ለሁለት ይሰነጥቅና ገደሉን ወርዶ ጭራ ሜዳ የሚባል የቆላ ቀበሌ ይገባል። ሁለት ሰው ተያይዞ አያቅፈውም። ከመሬት ከፍ ብሎ በድንጋይ መደብ ላይ ስለተቀመጠ ልጆች ከሥሩ ይሽሎከለካሉ፤ ጆሯቸውን ለጥፈው ውሃው ሲሄድ ይሰማሉ። መክፈቻ ግን እኛ ጋ የለውም። እኛ ቢጫ ነን።

አገሩ በቀለም ሲከፈል እኔ ጎልማሳ ነበርኩ። ድርቅ ለሁሉም እኩል አይደርስም ተባለ፤ ይሄ እንኳ እውነት ነው። ቀይ የሚባለው ፈጽሞ የደረቀው ነው፤ ቧንቧ ይገባለታል፣ ከጠዋት እስከ ማታ ይከፈትለታል። አረንጓዴው ዝናብ አለው፤ ዝናቡ ግን የቧንቧው ንብረት ስለሆነ ከገዛ ጣሪያው ሥር ባልዲ ያስቀመጠ ሰው ይቀጣል። ከዚያ የመጣ አንድ ነጋዴ፣ «እኛ ዝናቡን የምናየው እንደ ሰው ሚስት ነው፤ በአጠገባችን ሲያልፍ ዓይናችንን እንሰብራለን» ብሎ አስቆኛል። ቢጫው ደግሞ ያልሞተም ያልዳነም ነው። በመሥሪያ ቤት ቋንቋ «መቋቋም የሚችል» ይባላል። መቋቋም ስለሚችል ውሃ አይሰጠውም፤ ምክር ይሰጠዋል። ከተሞቹ ቀለም የላቸውም። ካርታው የሚሳለው እዚያ ነው።

ቀለሙን የሚወስነው በየቀበሌው መካከል በአጭር ብረት ላይ ተተክሎ ሰማይ ሰማይ የሚያየው ነገር ነው። ሌላ ስም ነበረው፤ ሰው ግን ዓይን ብሎት ቀረ። ዓይኑ በክረምት በደንብ ከረጠበ ቀዩ ቢጫ ይሆናል። ያንን ያህል ዝናብ ጤፍ ያበቅል አያበቅል አይጠየቅም። ዓይኑ ይናገራልም፤ ድምፁ የሴት ነው፣ በጣም ትሁት። እኛ ጋ በየጠዋቱ፣ «እንደምን አደራችሁ። ዛሬ ፀሐይ ትበረታለች። እባካችሁ ጥላ ሥር ቆዩ» ትላለች። ጥላ የሚሆን ዛፍ የት እንዳለ ግን ነግራን አታውቅም።

የውብዳር ኩላሊቷ ጠጠር ይቋጥራል። ሐኪሙ በስክሪን ላይ ሆኖ መረመራትና፣ «መድኃኒቱ ቀላል ነው እናት፣ ውሃ በብዛት ይጠጡ» አላት። ከየት አምጥታ እንደምትጠጣ ልትጠይቀው ስትል ሌላ በሽተኛ ተቀብሎ ነበር። ከዚያ በኋላ ሕመሙ ሲነሳባት ወደ ጓሮ ትወጣና ጎኗን ቧንቧው ላይ ታስደግፋለች። ውስጡ ውሃ ስለሚሄድ ይቀዘቅዛል። «ትንሽ ያስታግሥልኛል፣ ወንድምዓለም» ትለኛለች። አንድ ጣት በማይሞላ ብረት ማዶ ወንዝ ይሄዳል፣ እህቴ ከዚህ ማዶ ጎኗን ታቀዘቅዛለች። ይህን ሳይ ስንት ጊዜ መጥረቢያ እንዳማረኝ እኔ ነኝ የማውቀው። ቧንቧውን የነካ ሰው ከተገኘ ግን ቀበሌው በሙሉ ከቦታው ይነሳል፤ ተነስቶ የት እንደሚሰፍር የሚያውቅ የለም።

እንዲያም ሆኖ ደጋው ጨርሶ እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። እያንዳንዱ ቤት ሸራ አለው። ሰማዩ ከጠቆረ ሴቶቹ ሸራውን በአራት እንጨት ይወጥራሉ፣ ከአንዱ ጥግ ሥር ሳፋ ያስቀምጣሉ፤ ውሃው መሐል ላይ ሲጠራቀም የዚያን ጥግ ገመድ ላላ ያደርጉና ወደ ሳፋው ያፈሱታል። ከየውብዳር የሚፈጥን የለም። ተኝታ እንኳ ጣቷ ቋጠሮ ይፈታል እያልን እናሾፍባት ነበር። አንድ ልጇን ዘነበወርቅ ያለቻትም ሸራውን እየወጠረች ምጥ በያዛት ቀን ነው። ባሏ ከሞተ ወዲህ ያለቻት እሷው ናት።

ሽማግሌዎቹ ከጭራ ሜዳ የመጡት ግንቦት ላይ ነው። ገደሉን በእግራቸው ወጥተው ሲያበቁ፣ ሰላምታ ከመስጠታቸው በፊት አንድ ጃሪካን ሙሉ ውሃ ደጃፉ ላይ አስቀመጡ። የውብዳር ጃሪካኑን እያየች እንግዶቹን ሳመች።

«ግቡ፣ ተቀመጡ» አልኩ። የቤቱ አባት ስለሌለ መላሹ እኔ ነኝ።

«አንቀመጥም፣ አያ ማንደፍሮ» አለ አፈኛው፣ አቶ መልኬ የሚባል ረጅም ሰው። «ጉዳያችንን ሰምታችሁ እሺ ካላላችሁን ቆመን እንውላለን።»

«እንግዲያው ይነገራ።»

«ልጃችንን ልጅ አድርጉልን፣ ልጃችሁን ልጅ እናድርግላችሁ ብለን ነው። ልጁ የወይዘሮ ደብሪቱ ልጅ ስጦታው ነው። ጨዋ ነው፣ ጭምት ነው፣ ሲጠሩት አቤት የሚል ነው።»

«ሥራውስ ምንድን ነው?»

አቶ መልኬ ጥያቄው ገረመው። «ቀይ ነዋ!» አለ።

«ቀኑን መቼ አሰባችሁት?»

«ሐምሌ ላይ፣ የሐዋርያት ጾም ሲፈታ፣ ፍልሰታ ሳይገባ።»

«ልጅቷ ልጁን እኮ አታውቀውም። ለጥር ብታደርጉት ምን ነበረበት?»

«እኛስ እንታገሥ ነበር። ደመናው ይታገሣል ወይ?» አለና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አያ ማንደፍሮ፣ እንግዲህ እርስዎም አዋቂ ነዎት። ዳሱን ያውቁታል።»

ዳሱንማ ማን የማያውቀው አለ። ዓይኑ ላይ ጣሪያ መሥራት፣ ግንብ ማስጠጋት፣ እጅ ማሳረፍ ክልክል ነው። ሕጉ ግን ከታች፣ በደቃቁ ፊደል፣ ለሠርግና ለለቅሶ የሚጣል ዳስ እንደ ጣሪያ አይቆጠርም ይላል። ይህችን ቃል ማን እንዳስገባት አይታወቅም፤ ማንም ይሁን ማን ዘመድ ቆላ ነበረው። ከዚያ ወዲህ ቀይ ቀበሌ ሁሉ ክረምት ሲገባ ሠርግ ይደግሳል፣ ዳሱንም ልክ ዓይኑ ላይ ይጥላል። ሐምሌ የተጣለ ዳስ እስከ ጳጉሜን ይቆያል፤ በጾሙ ዘፈኑ ይቆማል እንጂ ዳሱ አይፈርስም። ሙሽራ ያጡ ቀበሌዎች የአንድ ሽማግሌ ለቅሶ ለሁለት ክረምት ያለቀሱበት ጊዜ አለ። ጭራ ሜዳ ሴት ልጆቿ ከተማ እየገቡ አልቀውባት፣ ዘንድሮ የምትዳርም የሚሞትም አላገኘችም። ገደል የወጡት ለዚህ ነው።

የእኛም ጉዳይ ቀላል አልነበረም። ቀይ ቀበሌ ያገባች ልጅ እናቷን ይዛ ትገባለች፤ መስከረም ሲጠባ ቀበሌው ቀይ ሆኖ ከቆየ እናቲቱ የዚያው ሰው ሆና ትመዘገባለች፣ ከቧንቧው ትጠጣለች። የውብዳር ልጄን በውሃ አልለውጥም ብላ አልቅሳ ነበር። ዘነበወርቅን ወደ ጓሮ ጠርቼ ቧንቧው አጠገብ አቆምኳት።

«ምን ልበላቸው?» አልኳት።

«እማዬ መስከረም ላይ ትጠጣለች?»

«ዓይኑ እስከዚያ ካልረጠበ ትጠጣለች።»

«እሺ በላቸው።»

«ኧረ ልጁን ሳታዪው!»

«ጃሪካኑን አየሁት እኮ፣ ጋሼ» አለች።

ሳቅሁ። 

በሠርጉ ቀን ገደሉን ወረድን። ቆላ ከገባሁ ብዙ ዘመኔ ነበር። ሙቀቱ ያው ነው፣ መሬቱ ከእኛው የባሰ ነጭ ነው፤ ሣር የሚባል ነገር የለም። በየደጁ ግን ቧንቧ አለ። አንዲት ሴት እግሯን ታጥባ ውሃውን እንደ ዋዛ መንገድ ላይ ደፋችው፤ ከእኛ ወገን የነበሩት ሴቶች ቆመው መሬቱ ሲመጠው አዩ። አንድ ግቢ ውስጥ ለውሻ የተቀመጠ ጎድጓዳ ሳህን ሞልቶ ነበር። ውሻው አልጠማውም።

ወይዘሮ ደብሪቱን ልጠላት ተዘጋጅቼ ነበር የሄድኩት፤ አልሆነልኝም። አጭር፣ ፈጣን፣ እጇ የማይቦዝን ሴት ናት። የውብዳርን ገና ስታያት ጎኗን መያዟን ልብ አለችና ከሙሽራዋ በፊት እሷን አስቀመጠቻት። ማሰሮ የሚያህል ጆግ ሙሉ ውሃ አምጥታ፣ «ጠጪ፣ እትዬ። አይዞሽ፣ ቆላ ነሽ አሁን» አለቻት። የውብዳር ግማሹን ጠጥታ ለእኔ ልታተርፍልኝ ስትል ደብሪቱ ተቆጣች። «ለእሱ ሌላ አለ፣ ጨርሺው!» እህቴ ጨረሰችው። አንድ ሰው ጆግ ሙሉ ውሃ ሲጨርስ ያየሁት ያን ቀን ነው፤ እውነቴን ነው፣ ዓይኔ እንባ ሞላ።

ምራት ስትገባ አማት ስም ታወጣላታለች፤ ይሄ የጥንት ነው። ደብሪቱ የሙሽራዋን እጅ ይዛ ሰው ሁሉ እንዲሰማ ጮክ ብላ ጠየቀቻት።

«እናትሽ ማን አለችሽ፣ ልጄ?»

«ዘነበወርቅ።»

ከኋላ ሴቶቹ እንደ መሳቅ፣ እንደ ማማተብም አደረጋቸው።

«ይሄ ስም እዚህ አይጠራም፣ የኔ እናት። አትቀየሚኝ። ከዛሬ ጀምሮ ፀሐይነሽ ብዬሻለሁ።»

እልልታው ቀለጠ። ስጦታው አንገቱን ደፍቶ ፈገግ አለ። መልከ መልካም ልጅ ነው፤ ይህንንም ልካድ አልልም። ዘነበወርቅ ሰረቅ አድርጋ ስታየው አይቻታለሁ፤ እንደተመለከትኩት ከሆነ አልከፋትም።

ዳሱ ትልቅ ነበር። ዓይኑ መሐል ላይ፣ ከሙሽሮቹ ወንበር ጀርባ ቆሟል፤ እሱን እንዳይነኩ ተጠንቅቀው ብረቱ ላይ አበባ አስረውበት ነበር። ሸራውን ልጥጥ አድርገው፣ ጠፍጣፋ አድርገው ወጥረውታል። የተከሉት ወጣቶች ዕድሜያቸውን ሙሉ ዳስ ለፀሐይ ሲጣል እንጂ ውሃ ሲቋጥር አላዩም፤ ተዳፋት ያስፈልገዋል ብሎ ማን ይንገራቸው? ደገኛውም ቢሆን ሽቅብ አላየም። እኛ የተቀመጥነው ለውሃው ነው። አስተናጋጆቹ ጠላ ይዘው ሲመጡ የእኛ ሰዎች ብርሌያቸውን በእጃቸው ከድነው፣ «ውሃ የለም ወይ?» ይላሉ። ሴቶቹ እየሳቁ ይቀዱላቸዋል።

ከምሳ በኋላ፣ ጭፈራው ሲሞቅ፣ ውጭው ጨለም አለ። መጀመሪያ የሸተተን መሬቱ ነው። ያ ሽታ! ከበሮው ተቋረጠ። ከዚያ ሸራው ላይ ጠብ፣ ጠብ፣ ወዲያው ዱብ ዱብ አለ።

እዚያ ዳስ ውስጥ የሆነውን የትም አገር የሚያየው ሰው አይኖርም። ቆለኛው ሁሉ ከደጅ ወደ ውስጥ ሮጠ፣ ደገኛው ሁሉ ከውስጥ ወደ ደጅ። በሩ ላይ ተላተምን። ቆለኞቹ ወንበር ላይ ወጥተው ሸራውን በመዳፋቸው እየደገፉ፣ «ያዝ! ያዝ! እንዳይገባ!» ይባባላሉ። የእኛ ሴቶች ጆጉንም፣ ድስቱንም፣ የሰው ትሪ ሳይቀር አንስተው ሰማይ ሥር ዘርግተዋል። ቄሱ የትኛው ወገን እንደሆነ ጠፍቶት በሩ ላይ ቆሞ ያማትባል። እኔም ወጣሁ። ፊቴን አስመታሁ። ደስ አለኝ፤ ምን ልዋሽ። ለምን እንደመጣን ለአንድ አፍታ ረሳሁት።

ዝናቡ ብዙ አልቆየም። የጋራውን ጥግ ይዞ ሲያልፍ ይታየኝ ነበር። ወደ ዳሱ ስመለስ ሸራው መሐል ላይ እንደ ነፍሰ ጡር ሆድ ወርዶ አገኘሁት፤ ልክ ከዓይኑ በላይ። ዓይኑ ግን ደረቅ ነበር። ቆለኞቹ ሸራውን አንጋጠው ያዩታል። ደብሪቱ፣ «ማንም እንዳይነካው! ከዳር በቀስታ እንጨልፈዋለን። ስጦታው፣ መሰላል!» አለች። ስጦታው ጎረቤት ወዳለው መሰላል ሮጠ። መስከረምም፣ ቧንቧውም፣ የእህቴ ጎንም በዚያ ሸራ ተንጠልጥለው ነበር።

የውብዳር ይህን አልሰማችም። እሷ ደጅ ነበረች።

ከደጅ የታያት ሌላ ነው። ሙሉ የጠራ ውሃ፣ ከሥሩ ሳፋ የሌለው፣ ሊባክን ነው። የሰው ሠርግ መሆኑን፣ የመጣችበትን፣ የልጇን፣ የራሷን ኩላሊት ሳይቀር ረሳችው። ስትሮጥ አየኋት። የእቃ ማጠቢያውን ሳፋ በእግሯ ገፍታ ከጥጉ ሥር አስገባች፣ እጇን ወደ ቋጠሮው ሰደደች።

«የውብዳር!» ብዬ ጮህኩ። «ተይ! የውቢ!»

«ሊፈስ እኮ ነው!» አለችኝ፣ ሳትዞር።

ጣቷ ቋጠሮውን ፈታ። የቤቷ ሸራ ቢሆን ኖሮ ውሃው በጥጉ ቀስ ብሎ በወረደላት። ይሄ ግን ዳስ ነው፤ ክብደቱ ሌላ ነው። ገመዱ ከእጇ አመለጠ፣ ጥጉ ወደቀ፣ ሸራው ከመሐሉ ምሰሶ ሸርተት አለ። ከላይ የተቋጠረው ውሃ ግማሹ በእሷ ላይ፣ ግማሹ በዓይኑ ላይ ወረደ። አበባው ታጥቦ እግሩ ሥር ወደቀ።

 ሳፋው ብቻ እየሞላ ይንቆረቆራል።

ዓይኑ ጉሮሮውን የሚጠርግ የሚመስል ድምፅ አሰማ።

«እንኳን ደስ አላችሁ» አለች ያቺ ትሁት ሴት። «አካባቢያችሁ ከድርቅ አገግሟል። ከአሁን ጀምሮ መቋቋም የሚችል ቀበሌ ሆናችኋል። የቧንቧው አገልግሎት ከአንድ ሰዓት በኋላ ያበቃል። ዝናብ ሲጥል በቁጠባ እንድትጠቀሙ እንመክራለን።»

  አንዱ ወጣት ወንበሩ ላይ እንደቆመ፣ ሸራ የሌለበትን አየር በመዳፉ እንደደገፈ ቀርቷል። አቶ መልኬ ጋቢውን ራሱ ላይ ጣለ። አንዲት ሴት ብቻ ወደ ቤቷ ሮጠች፤ ቧንቧዋን ከፍታ ስታጠራቅም ድምፁ ይሰማል። እሷን አይተው ሌሎቹም ሮጡ፤ ዳሱ ባዶ ሆነ።

የውብዳር ከራስ ፀጉሯ ውሃ እየተንጠባጠበ ቆማለች። ያደረገችው አሁን ገብቷታል። እጆቿን ትመለከታቸው ነበር፣ የሌላ ሰው እጅ እንደሆኑ ሁሉ።

ደብሪቱ ወደ እሷ መጣች። ልትመታት መስሎኝ መሐል ልገባ ተነሳሁ። ግን ትከሻዋ ላይ ነጠላ ጣል አደረገችላትና ወደ ሙሽራዋ ዞረች። ድምፏ ልክ ለእንግዳ የምትጠቀምበት ዓይነት ነበር።

«ዘነበወርቅ፣ እናትሽን ልብስ ቀይሪላት። ርሳለች» አለች።

ዘነበወርቅ የሚለው ስም አንዴ እንዲህ ተጠራ፤ ከዚያ በኋላ ፀሐይነሽ ያላት ሰው የለም።

ልጅቷን ይዘናት መመለስ አልቻልንም። ጋብቻው ጸንቷል፣ ቄሱ ባርኮታል፣ ስጦታውም መሰላሉን ትከሻው ላይ እንደያዘ እጇን አልለቀቀም። ይሄን ለልጁ አልረሳለትም። ስንሰናበት ዘነበወርቅ ፈቀቅ አድርጋኝ ጆሮዬ ላይ ተናገረች።

«ጋሼ፣ ትርፍ ሸራ ካላችሁ ላኩልኝ። ገመድም። እዚህ አንድ ሰው እንኳ አወጣጠሩን አያውቅም።»

«ይጠሉሻል ልጄ» አልኳት።

«ይጠሉኛል። ግን ይጠማቸዋልም።»

ደብሪቱ የሳፋውን ውሃ በጃሪካን አድርጋ አሸከመችን። ግንቦት ላይ ያመጡልን ያው ጃሪካን ነበር። እንቢ ብንል አልሰማ አለች። «የእሷ ነው፤ እሷ ናት ያወረደችው» አለች። ይህን በምን ልብ እንደተናገረችው እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

ገደሉን ስንወጣ የውብዳር ጃሪካኑን ለማንም አልሰጠችም። ቤት ስንደርስ ጃሪካኑን ደጃፍ አስቀምጣ ወደ ጓሮ አለፈች፤ እንደ ልማዷ ጎኗን ቧንቧው ላይ አስደገፈች። ወዲያው ደንግጣ ተነሳች። እጄን ሰድጄ ነካሁት። ፀሐይ ላይ እንደዋለ ቆርቆሮ ያቃጥል ነበር። ጆሮዬን ለጠፍኩ፣ እያቃጠለኝም ቢሆን። ምንም የለም። ቧንቧው የሚሄደው ለጭራ ሜዳ ብቻ ነበር።

«ምን ይላል?» አለችኝ።

«ዝም ብሏል።»

በማግስቱ ዓይናችን እንደ ወትሮው፣ «እንደምን አደራችሁ። ዛሬ ፀሐይ ትበረታለች። እባካችሁ ጥላ ሥር ቆዩ» አለች። የውብዳር ጎኗን ይዛ ተነሳች፣ ግቢውን ዙሪያውን አየች። ሌላ ጥላ አልነበረም። ጃሪካኗን አንጠልጥላ ከባዶው ቧንቧ ሥር ገብታ ተቀመጠች።